አሳማ የማያውቅ ሥጋ ቆራጭ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ላቦራቶሪው ውስጥ ኬክ ቆረሱልኝና ንግግር አድርግ አሉኝ። ኬክ አልወድም፤ ንግግር ደግሞ ከኬክም የባሰ አልወድም። ብድግ ብዬ "አመሰግናለሁ፣ የጥንት አጥንት በሙቅ ውሃ እንዳታጥቡ፣ ይሰነጠቃል" አልኩና ተቀመጥኩ። ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ሥራው አሁን ሌላ ሆኗል። ወንበሬን የወረሰችው ሰሚራ የምትባል እዚሁ ሎስ አንጀለስ የተወለደች የሐበሻ ልጅ ናት። ከአጥንቱ ቅንጣት ታህል ትፍቅና ማሽን ውስጥ ትከተዋለች፤ ማሽኑ በግ ነው፣ ፍየል ነው ብሎ ይነግራታል። እኔ ግማሽ ቀን ስታገለው የምውለውን ቁራጭ እሷ ምሳዋን በልታ ስትመለስ አልቆ ታገኘዋለች። አልቀናሁም። ኦኬ፣ ትንሽ ቀንቻለሁ፤ ወላሂ ግን ትንሽ ነው።

"ጋሼ ሁሴን፣" አለችኝ ኬኩን እየጎረሰች፣ "ከሁሉ በጣም ያስቸገረህ አጥንት የቱ ነው?"

"አሳማ" አልኳት።

ቤቱ በሳቅ አውካካ። እስላም ስለሆነ አሳማ መንካት ጨንቆት ነው ብለው ነው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። መንካቱማ ምን ገዶኝ! ያስቸገረኝ አለማወቄ ነው። አለማወቄ ደግሞ የማከብራቸውን አንዲት ሴት ስም ገደል ሊከት ትንሽ ነበር የቀረው። ሰሚራን ቁጭ አድርጌ ላጫውታት ስል የመኪናዋ ፓርኪንግ ሰዓት ደርሶ ሮጠች። ሶ፣ ለእናንተ ልንገራችሁ።

ሙያዬ ሥጋ ቆራጭነት ነው። ቢላ የያዝኩት ደሴ፣ አባቴ ልኳንዳ ውስጥ ነው። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር፤ መገጣጠሚያ ስቼ ቢላው አጥንት ላይ ከተንሸራተተ በቢላው ጀርባ ጣቴን ይለኝ ነበር። አጥንት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ጣቴ የተማረው ያኔ ነው። በሬ ከበር ሲገባ አይቼ ሽንጡና ዳቢቱ ምን ያህል እንደሚወጣው እናገር ነበር ስላችሁ ጉራ እንዳይመስላችሁ። እሺ፣ ጉራም አለበት።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ሎስ አንጀለስ ስመጣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የኛ ሰው ምግብ ቤት ገና አንድ ሁለት እያለ ነበር። ሥራ ያገኘሁት ፒኮ ሮበርትሰን በሚባለው የይሁዲዎች ሰፈር፣ አንድ የይሁዲ ሥጋ ቤት ነው። ባለቤቱ ነጭናጫ ሽበታም፣ ቢላ ሰጥቶ አንድ ወርች አስበለተኝና "ነገ ና" አለኝ። ከእስላም ልኳንዳ ወጥቼ ይሁዲ ልኳንዳ ገባሁ ማለት ነው። ቢላው የተሳለ፣ ደሙ የፈሰሰ፣ አሳማ ደጁ የማይደርስ። ምንም አልከበደኝም። ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ጣጣ ሁሉ የመጣው ከእሷ ነው።

አንድ ቀን ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው መነጽራቸውን የሚፈልጉ ሴት መጡ። "የበግ ወርች እፈልጋለሁ። መጋዝ እንዳይነካው፤ አጥንቱ እንዳለ ይሁን" አሉ። አብሮኝ የሚሠራው ሊስቅ ዳዳው። እኔ ባጭሯ ቢላ መገጣጠሚያውን ተከትዬ ሥጋውን ገፈፍኩና አጥንቱን ያለ አንድ ጭረት ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃን ወስደው አገላበጡት፤ ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"ይሄን የት ተማርክ?"

"አባቴ ነው ያስተማረኝ።"

"ሦስት ሺህ ዓመት መሬት ውስጥ የቆየ አጥንት ብሰጥህስ ታውቀዋለህ?"

"አጥንት አጥንት ነው" አልኳቸው። አቤት ድፍረት!

ሩት ይባላሉ። ዌስትውድ ባለች አንዲት ትንሽ የምርምር ቤት ከጥንት ቁፋሮ የሚወጣ የእንስሳ አጥንት የሚለዩ ባለሙያ ነበሩ። ተከትያቸው ሄድኩ። ደሞዙ ከሥጋ ቤቱ ስለሚያንስ ባለቤቴ ዘሃራ "የሰው ባል ከአጥንት ወደ ሥጋ ይሄዳል፣ የኔው ከሥጋ ወደ አጥንት!" ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አሳቀችብኝ።

ከመጀመሪያው ቀን "እትዬ ሩት" አልኳቸው። እትዬ ምንድን ነው ሲሉኝ ትልቅ ሴት የሚከበርበት ነው አልኳቸው። ደስ ብሏቸው ስልክ ሲያነሱ ሁሉ "እትዬ ነኝ" ማለት ጀመሩ። ይሁዲ ናቸው፤ ቤታቸው ውስጥ የሥጋና የወተት ሰሃን ለየብቻ ነው። ሥራ ላይ ግን አማኝም ከሃዲም አይደሉም፤ አጥንት ብቻ ናቸው።

አንድ ቁራጭ እጃቸው ሲገባ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በጣታቸው ይዳስሱታል፣ ያዞሩታል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ያዩታል። ሦስት ጥያቄ ነው ያላቸው፦ የማን ነው? የቱ አካል ነው? ቀኝ ነው ግራ? ሦስቱን ሳይመልሱ አጥንት ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡም። እኔ ስሳሳት "ተሳስተሃል" ብለውኝ አያውቁም። አጥንቱን መልሰው መዳፌ ላይ ያኖሩና "እንደገና ተዋወቁ" ይሉኛል። እንደገና ስተዋወቅ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል!

ቢላ የነካውን ከአይጥ ጥርስ መለየት አስተማሩኝ። ቢላ ቀጭን መስመር ይተዋል፤ አይጥ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ይፍቃል። ውሻ ያኘከው ጫፉ ላይ ጉድጓድ ጉድጓድ አለው። ድንጋይና አጥንት ሲምታታ ደግሞ ምላስ ነው ፈራጁ። የጥንት አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል፣ ድንጋይ ይንሸራተታል። ሶ፣ ቀኑን ሙሉ አጥንት ስልስ እውል ነበር። በግና ፍየልን መለየት ብዙ ባለሙያ የሚያስለቅስ ነው፤ እኔ ግን የዕድሜ ልክ እንጀራዬ ነውና ከእሳቸው ጋር እኩል ደረስኩ። እትዬ ሩትም ትንሹን ስብርባሪ ሁሉ ለእኔ መተው ጀመሩ።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ቁምሣጥን አለ። በየመሳቢያው ማወዳደሪያ የሚሆን የአንድ እንስሳ ሙሉ አጥንት ተቀምጧል፦ በግ፣ ፍየል፣ ላም፣ አህያ፣ ውሻ። የመጨረሻው፣ ወለሉ ጋ ያለው የአሳማ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እዚያ ስንደርስ እትዬ ሩት በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉት። "ይሄን አንተ የመክፈት ግዴታ የለብህም ሁሴን። አሳማ ሲመጣ እኔ አየዋለሁ" አሉኝ። አክብሮታቸው አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። አላህ ይስጥልኝ አልኩና ያንን መሳቢያ ዞር ብዬም አላየሁት።

ከዚያ የኮረብታው አጥንት መጣ። ፕሮፌሰር ኬን የሚባል ረጅም፣ ሲናገር እጁ ዕረፍት የሌለው ሰው ከኢየሩሳሌም ወደ ሰሜን ካለው ደጋ ላይ ያስቆፈረው ነው። "የመሳፍንት ዘመን መንደር ነው!" ብሎ ካርቶኖቹን ደረደራቸው። እኔ የአማርኛውን ስጠይቅ መሳፍንት ቢሉኝ ዘመነ መሳፍንት መስሎኝ የየጁ ባላባቶች እዚያ ድረስ ምን አደረሳቸው ብዬ ሁለት ቀን ግራ ገባኝ። ኋላ ሲገባኝ የበኒ ኢስራኢል፣ የእስራኤል ልጆች ነገር ነው፤ ከንጉሥ በፊት፣ ገና ደጋው ላይ መስፈር ሲጀምሩ። ቁርኣን ቤት የነቢ ሙሳን ታሪክ እየሰማሁ ላደግኩ ሰው የእነሱን ሰዎች የእራት ትራፊ በእጄ መያዝ ቀላል ነገር አልነበረም።

የኬን ጥያቄ ይሄ ነው። በዚያ ዘመን ደጋው ላይ ድንገት ትንንሽ መንደሮች በቀሉ፤ ቅጥር የላቸው፣ ቤተ መንግሥት የላቸው። ቤታቸው በድንጋይ ምሰሶ የተከፈለ፣ እንስሳው ከሰው ጋር የሚያድርበት። አንገቱ ሥር ጠርዝ የዞረው ትልልቅ ጋን በየቤቱ አለ። በዚያው ዘመን ገደማ አንድ የግብፅ ንጉሥ ድንጋይ ላይ "እስራኤል" የሚል ስም አስቀርጿል። ታዲያ እነዚህ ሰዎች ከውጭ የመጡ ናቸው ወይስ እዚያው ቆላ የነበሩ ገበሬዎች? ጋኑ አይናገርም፤ ቆላም ተመሳሳዩ አለ። ኬን ተስፋ የጣለው አጥንቱ ላይ ነው። "የባሕር ዳርቻው ሰዎች አሳማ ይበሉ ነበር። እዚህ አሳማ ከሌለ እስራኤላውያንን አገኘናቸው ማለት ነው" ይል ነበር።

የዚያን ዓመት እትዬ ሩት ዓይናቸውን ኦፕሬሽን አደረጉና ለረጅም ጊዜ ቤት ዋሉ። እኔ ብቻዬን ካርቶን ከካርቶን ፈታሁ፣ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ፣ ለየሁ። ኬን በየሳምንቱ ስልክ ይመታል።

"አሳማ አለ?"

"የለም።"

"አንድም?"

"አንድም!"

በኩራት ነበር የምመልስለት። እሱም በየስብሰባው "አንድም የለም" ማለት ጀመረ። ፒኮ አጠገብ ባለ አዳራሽ ለሕዝብ ሊናገር ቀን ተቆረጠለት። እትዬ ሩትም ከዚያ ዕለት ጋር የሚወጣውን የአጥንት ሪፖርት ፈርመው ጡረታ ሊወጡ ነው። የመጨረሻ ሥራቸው ነው።

ዓይናቸው ድኖ የተመለሱ ጠዋት መጀመሪያ የጠየቁት የሰው አጥንት ተገኝቶ እንደሆነ ነው። የሰው ከሆነ ተለይቶ ለቀብር ይመለሳል፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። "አለ" አልኩና አንዲት ትንሽ ሣጥን አመጣሁላቸው። ውስጧ በጥጥ የጠቀለልኳቸው የመንጋጋ ጥርሶች አሉ። አናታቸው ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ ቁርጥ የኛን ጥርስ። "ምስኪን፣ ማን እንደሆነ ባላውቅም ፋቲሃ ቀርቼለታለሁ" አልኳቸው።

እትዬ ሩት አንዱን አነሡ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ዳሰሱት። ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ ወንበር ይዘው እስኪቀመጡ ሳቁ። "ሁሴን፣ ለአሳማ ነው የጸለይክለት!" አሉኝ። እኔም ልስቅ አፌን ስከፍት የእሳቸው ሳቅ ቀጥ አለ።

"ሌላውስ?" አሉ። "ጥርሱ እዚህ ከሆነ እግሩ የት ሄደ?"

የውሻ ያልኩትን ካርቶን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍነው። በግና ፍየል ከሰኮናው በላይ ያለው አጥንታቸው አንድ ወጥ ነው። አራት ቀጫጭን ለየብቻ ሆኖ ሳገኝ ውሻ ነው ብዬ ከትቼዋለሁ፤ ሌላ አራት ያለው ከየት ልወቅ? እትዬ ሩት ከውሾቹ መሃል አንዱን አወጡ፣ ሌላ ደገሙ።

"ሥጋ ቆራጭ ሆኖ አሳማ የማያውቅ ሰው ይኖራል ብዬ አላሰብኩም" አሉ ቀስ ብለው።

"እኔ ደግሞ እንደማላውቅ የሚያውቁ መስሎኝ!"

"መሳቢያውን የዘጋሁብህ እኔ ነኝ።"

"እኔስ ብሆን እንዳልከፍተው ማን ከለከለኝ?"

ምን ልበላችሁ፣ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ባለሙያ ነኝ ያልኩት ሰው! ደሴ ሐላል፣ ፒኮ ኮሸር፣ ያው የይሁዲ ሐላል፤ አሳማ በየት በኩል ይምጣ? ያላዩት አገር አይናፍቅም ይላሉ፤ ያላዩት እንስሳም አይታወቅም። ቤት ገብቼ ለዘሃራ ስነግራት መጀመሪያ ያሰበችው ምላሴን ነው።

"ያንን ሁሉ ልሰሃል እኮ! በል ሰባት ጊዜ ታጠብ፣ አንዱን በአፈር።"

"አፈሩማ አብሮት ነበር" አልኳት።

ከሳቋ በኋላ ግን ዓይኔን አየችው። ነገሩ ገብቷታል። ሪፖርቱ እንዳለ ከወጣ ውሸት ነው፤ አንድ ቀን አንድ ሰው ካርቶኑን ይከፍታል፤ ያን ጊዜ የሚገኘው የእኔ ስም አይደለም፣ የእትዬ ሩት ነው። ዕድሜ ልካቸውን አንድ አጥንት ሳይጠይቁ ያላስቀመጡ ሴት በመጨረሻ ሥራቸው ሊዋረዱ ነው።

በማግሥቱ ሌላ ወሬ አላወራሁም። "መሳቢያውን ይክፈቱልኝ" አልኳቸው።

"ግዴታ የለብህም። እኔ እለየዋለሁ።"

"ዓይንዎ ገና ነው፤ ስብርባሪው ስፍር ቁጥር የለውም። ደግሞ ሐራሙ መብላቱ ነው እንጂ ማወቁ አይደለም።"

ከፈቱት። አሳማን ያኔ ተዋወቅሁት። ዓይኔን ጨፍኜ፣ በጣቴ፣ ቀኙን ከግራው፣ እንደ አዲስ ተማሪ። ግን ችግር ገጠመን። የመሳቢያው አሳማ የጠና ትልቅ ነው፤ የኮረብታው ግን የአጥንታቸው ጫፍ ገና ያልገጠመ ግልገሎች ናቸው። ልኩን የሚያሳየን የግልገል አጥንት የግድ ያስፈልጋል። ስለዚህ እትዬ ሩት መኪናቸውን አስነሡና ቶራንስ አጠገብ ያለ የፊሊፒኖ ሥጋ ቤት ሄደን አንድ ግልገል ገዛን። እሳቸው ድራይቭ ሲያደርጉ መንገዱን ሳይሆን እኔን ነው የሚያዩት፤ ከአሳማው ይልቅ መንገዱ ነው እሞታለሁ ብዬ ሸሃዳ ያስያዘኝ።

አጥንቱ እንዲጠራ መቀቀል አለበት። የት? ላቦራቶሪው ውስጥ ሽታው ስለሚያስቸግር መቀቀል ተከልክሏል። የእትዬ ሩት ኩሽና ኮሸር ነው። የኔን አስቡት፣ ዘሃራ ከነድስቱ ታስወጣኛለች። "የክርስቲያን ቤት እንሂድ" አልኩና ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ውብነሽ ጋ ፓርክ አደረግን። ክርስቲያን ናቸው፣ ትልቅ ድስት አላቸው፣ ይወዱኛል።

"እትዬ ውብነሽ፣ አንድ ድስት ለግማሽ ቀን ያበድሩኛል?"

"ድስት ምን ገዶኝ! ምን ልትቀቅልበት?"

ነገርኳቸው።

"በስመ አብ!" አሉ። "ድስቴን ላስረክስልህ? ሁሴን፣ አንተ ነህ ይሄን የምትለኝ? እኛስ እንበላለን እንዴ! ሙሴ የተናገረው ለእናንተ ብቻ መሰለህ?" የኛ አገር ክርስቲያንም እንደማይበላ ያኔ ትዝ አለኝ፤ ማማሰያውን ይዘው እስከ በር ሸኙኝ።

መኪና ውስጥ የተባልነውን ስተረጉምላቸው እትዬ ሩት እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ መኪናውን እያስነሡ "ኬን አሳማ የሌለበት መንደር የእስራኤላውያን ነው ይላል" አሉ። "ይሄን ሰፈር ቢቆፍረው እኮ ሁላችሁንም እስራኤላውያን ያደርጋችኋል!"

አሮጌ ድስትና የጋዝ ምድጃ ገዝተን በምርምር ቤቱ ጓሮ ቀቀልነው። ነፋሱ በዞረ ቁጥር እኛም ከነወንበራችን እየዞርን። እንዲያ ሆኖ አጥንቱ ጠራ። ከዚያ እያንዳንዱን ካርቶን ከመጀመሪያው ፈታሁት። እትዬ ሩት አጠገቤ ተቀምጠው፣ እኔ እየጠራሁ፣ እሳቸው እየዳሰሱ። ጣቴ ቆሰለ፣ ወገቤ ተቆረጠ፤ አልተውኩትም። ሲያልቅ አሳማው ጥቂት ነው። በበግና በፍየሉ ክምር አጠገብ ኢምንት። ግን አለ። ከዚያም አብዛኛው የወጣው ከአንድ ቤት ነው፣ መንደሩ ዳር ካለው።

ኬን ሲሰማ እጁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዐረፈ። ክፉ ሰው አይደለም። "ከኋላ የመጡ ሰዎች ጉድጓድ ቆፍረው የጣሉት ሊሆን ይችላል" አለ፤ እውነቱን ነው፣ ይሆናል። ራሱ የቁፋሮውን ፎቶ አወጣና ፈለገ። አንዱ የአሳማ መንጋጋ የወጣው ከተሰበረ ጋን ሥር፣ የወደቀ ጣሪያ ከደፈነው ወለል ላይ ነው። ጣሪያው ከወደቀ ወዲህ ያንን ወለል ማንም አልነካውም። ፎቶውን ብዙ አየው።

"ታዲያ የዚያ ቤት ሰዎች እነማን ናቸው?" አለ።

"እኔ ምን አውቃለሁ" አልኩት። "የእናቴ ወንድሞች ክርስቲያን ናቸው፣ አባቴ እስላም። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ለሠርግ ሁለት በሬ ነው የሚታረደው። ቤታችንን ብትቆፍር ግን ያው የበሬ አጥንት ነው የምታገኘው። ባቲ ወርደህ ግመል ካላገኘህ በቀር ማን በየት እንደሚሰግድ አጥንቱ አይነግርህም።"

"እንደዚያ ከሆነ እኔ ምን ልፈልግ ነው የምቆፍረው?" አለ ተናዶ።

"ምን እንደበሉ" አሉ እትዬ ሩት። "እሱም ትንሽ ነገር አይደለም።"

ኬን ቆይቶ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። "ስምህ ሪፖርቱ ላይ ባይኖር ይሻላል" አለኝ። "ሰው ምን እንደሚል አስብ። ሁሴን የሚባል እስላም ከእስራኤላውያን ቤት አሳማ አወጣ ይሉሃል። ለአንተ ብዬ ነው።" ዘሃራም ያንኑ ነው ያለችኝ፦ "ተወው፣ ሥራህን ሠርተሃል፣ በስምህ ምን አስጮኸህ?" ፈራሁ፣ አልዋሽም። ጊዜው እስላም ለሆነ ሰው የሚያስፈራ ነበር። ግን ስሜ ከሌለ ያ የመጀመሪያው "አንድም" የማን ይሆናል? የእትዬ ሩት። እሱን ሳስብ ፍርሃቱ ወደ ንዴት ዞረ። "ጻፉት" አልኳቸው። "አለመኖሩንም መኖሩንም የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሁለቱንም በስሜ ጻፉት።" እትዬ ሩት ጻፉት። ስሜን ከስማቸው ጎን አድርገው ጻፉት።

ያን እሑድ ከሰዓት አዳራሹ ጢም አለ። ሪፖርቱ ታትሞ በር ላይ ተደርድሯል። የድሮው የሥጋ ቤት አለቃዬ አለ፣ ዘሃራ አለች፣ እትዬ ውብነሽ ሳይቀሩ መጥተዋል። ኬን መድረክ ላይ ወጣና ስለ ቤቶቹ፣ ስለ ጋኖቹ፣ ስለ ውሃ ጉድጓዶቹ ተናገረ። ከዚያ "አሳማ የለም ስላችሁ ነበር። አለ። ጥቂት ነው፣ ግን አለ" አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ይሄን ለማለት ምን እንደከፈለ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ወደድኩት።

መሃል ላይ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። የፒኮ ሰው ናቸው፤ ሥጋ ቤት እያለሁ ዓርብ ዓርብ ሥጋ ሊገዙ ሲመጡ አያቸው ነበር።

"ይሄን የለየው ማነው?" አሉ።

ማንም ሳይጠራኝ ቆምኩ። "እኔ ነኝ" አልኩ።

"ስምህ?"

"ሁሴን።"

ዘሃራ ኮቴን ከኋላ ስትይዘው ተሰማኝ።

"ቀድሞ አንድም የለም ተብሎ ነበር። ያንንስ ያለው ማነው?"

"እሱንም እኔው ነኝ። ሩት የሉበትም።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አላየኸውም?"

"አይቼዋለሁ። በእጄ ይዤዋለሁ። ግን አሳማ መሆኑን አላወቅሁም።"

"እንዴ!" አሉ ሽማግሌው፤ ድምፃቸው ከፍ አለ። "በዚህ ዕድሜህ፣ ሥጋ ቆራጭ ሆነህ! ሰው እንዴት አሳማ አያውቅም?"

"እርስዎ ያውቁታል?" አልኳቸው።

ልዘልፋቸው አልነበረም። ከልቤ ነው የጠየቅኳቸው። ሽማግሌው ወደ ጎናቸው አዩ፤ ጎናቸው ያሉትም አቀረቀሩ። ሕዝቡ ሁሉ እሳቸውን እየጠበቀ ነው።

"አላውቅም" አሉና ተቀመጡ።